እማሆይና የበሩ ቁመት

ባሕር ዳር ውስጥ እኔ ያልለካሁት በር የለም። የሆቴሉን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የወፍጮ ቤቱን፣ ሁሉንም። ሥራዬ ነው፤ እሳት ቢነሳ መኪናችን በየት እንደሚገባ፣ ግቢው ስንት ቤት እንዳለው፣ ክዳኑ ሣር ይሁን ቆርቆሮ ካርታ ላይ አሰፍራለሁ። ሜትሬን ስዘረጋ ጣና ራሱ ዳርቻውን ሰብሰብ ያደርግልኝ ነበር ብል፣ ብዙም አላጋነንሁ።

አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ከቅጥሩ ውስጥ የአብነት ተማሪዎች የሣር ጎጆዎች ክዳን ለክዳን ተነካክተው ቆመዋል። የበሩን ስፋት ለካሁ፤ አራት ሜትር። «መኪና ያስገባል» ብዬ መዝግቤ ልሄድ ስል፣ በሩ አጠገብ ካለችው ጎጆ ደጃፍ ምስር የሚለቅሙ መነኩሲት ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ስትለካ ነው የዋልኸው?»

«በሩን ነው፣ እማሆይ። እሳት ቢነሳ መኪናችን እንዲገባ።»

«ቁመቱንስ?»

«ቁመቱ ምን ያደርግልዎታል?»

«ለእኔማ ምን ያደርግልኛል፤ ጎንበስ ብዬ ነው የምሄድ። የክዳን ሣር የሚያመጣው አይሱዙ ግን ይችን ቅስት ሳይፍቃት ገብቶ አያውቅም። ሲፍቃት ጥርሴን ነው የሚያመኝ። ያንተ መኪና ከሣር ጭነት ያጥራል?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። አምና አንዲት ጎጆ ስትያያዝ፣ ለማን እንደሚደወል የሚያውቅ ጠፍቶ፣ ተማሪዎቹ ከጣና በጀሪካን ውሃ ሲቀባበሉ ሦስት ጎጆ አመድ ሆነ። «አንዱ ዳዊቱን አወጣለሁ ብሎ እጁን ተቃጠለ» አሉኝ። «ጭስ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታል፣ ልጄ።»

በማግሥቱ ሹፌራችንን ለምኜ የእሳት አደጋ መኪናውን አመጣሁ። ፊት ለፊት ቆሜ፣ አውሮፕላን እንደሚያሳርፍ ሰው እጄን እያወናጨፍሁ «ና! ና!» አልሁት። ከላይ የታሰረው መሰላል ቅስቱን ቋ! አደረገው። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣

«ጋሼ፣ ውሃውን በጭልፋ ላስገባው?»

ተማሪዎቹ በሳቅ ሞቱ። እማሆይ ግን «ሳቃችሁን ስትጨርሱ ኑ» ብለው፣ በምርኩዛቸው እየመሩ ወደ ሐይቁ ወገን ወሰዱን። አጥሩ የፈረሰበት፣ በእሾህ የተዘጋ ሰፊ ክፍተት አሳዩን። ብዙም ሳይቆይ ሰበካ ጉባኤው እዚያ ላይ፣ ከላይ ምንም የሌለው የብረት በር አቆመ። መኪናው ገብቶ ጎጆዎቹን ዞሮ ሲወጣ እማሆይ እልል አሉ፤ እኔም ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ፣ በክረምት!

ከዚያ ወዲህ ቅጻችን የበር ቁመትም ይጠይቃል። የከተማውን በር ሁሉ እንደገና ዞሬ ለካሁ፤ ከቅስትና ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ስንቱ በር መኪና የማያሳልፍ ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ! በየበሩ እማሆይን አመሰገንሁ፤ በሆዴ።

በሆዴ የሆነበት ምክንያት አለው። አለቃችን በስብሰባ ላይ «ይህን ቁመት ማን አሰበው?» ሲሉ፣ እጄን አወጣሁ። ተጨበጨበልኝ፤ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ ሳሎኔ ውስጥ ሰቅየዋለሁ። ያሰቡት እማሆይ ነበሩ። እኔ ዋሸሁ።