ቸሩ የቀመሰለት ብርዝ

ደራርቱ ባሏን ዲሳሳን በደንብ እንደማታውቀው ለመናገር አታፍርም። «አብሬው እኖራለሁ፣ ልጅ ወልጄለታለሁ፤ አውቀዋለሁ ግን አልልም» ትላለች። አብራው የምትኖረው እንዲህ ካለች፣ እሱን እንደ እኔ በመንገድ ሰላምታ ብቻ የሚያውቀው ሰው ስለ እሱ የሚጽፈው ቢጎድል አይገርምም።

ባልና ሚስቱ ከወለጋ፣ ከመንዲ ወገን ወደ አሶሳ የመጡት ክልሉ ገና ሲቋቋም ነው። በየቦታው ቢሮ ይሠራ ነበር፤ በሩም መስኮቱም ጠረጴዛውም ጣውላ ይፈልጋል። ዲሳሳ ግንድ ሰንጣቂ ነው። ግንዱ ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይጋደማል፤ አንዱ ከላይ ቆሞ፣ አንዱ ከሥር ሆኖ ረጅሙን መጋዝ እየተቀባበሉ ይስባሉ። ከላይ የሚቆመው ዲሳሳ ሲሆን፣ ከሥር ሆኖ ብናኙ ዓይኑ ውስጥ የሚዘንብበት ቸሩ ነበር። ቸሩ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጣ፣ ከከተማው ወጣ ብለው ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ የሚኖር ተጫዋች ሰው ነው።

ያኔ ሁለቱም ይጠጡ ነበር። ቸሩ ይጠጣል፣ ይስቃል፣ ይተኛል፤ ጠዋት ይነሳል። ዲሳሳ ግን አረቄ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። አንዴ ሰክሮ ከቆጡ ወድቆ የጎድን አጥንቱ ተሰበረ። ልጃቸው ኢልሊ የአባቷን ኮቴ ስትሰማ አልጋ ሥር መግባት ለመደች። አንድ ቀን ጎትቶ ሊያወጣት ሲል እጁን ነከሰችው። ዲሳሳ የተነከሰውን እጁን ሲያይ ዋለ። ከዚያ ወዲያ አረቄ አልቀመሰም።

ስለ ማቆሙ ለማንም አላወራም። አረቄ ቤቶቹ ባሉበት መንገድ መሄድ ብቻ ተወ፤ ክረምት እንኳ ጭቃውን እያቦካ በገበያው ጀርባ ዞሮ ይገባል። ያስቸገረው ድግስና ደቦ ነበር። በደቦ ላይ የቀረበን ዋንጫ መመለስ ጠሪውን መናቅ ነው። ስለዚህ ከቸሩ ጋር ተስማሙ፤ ዲሳሳ ብርዝ ብቻ ይጠጣል፣ ብርዙ ቆይቶ ጠጅ አለመሆኑን ቸሩ በመዳፉ ጠብ አድርጎ አስቀድሞ ይቀምስለታል። ራሱ ቢቀምስና ጠጅ ቢሆንበት፣ በዚያች ጉንጭ እንደማያበቃ ዲሳሳ ያውቃል።

«ይሄ ሰውዬ እንደ ንጉሥ ቀማሽ ቀጥሯል!» እያሉ ይቀልዱበታል።

«ቀማሹ ደመወዝ የለው!» ይመልሳል ቸሩ። «ትርፌ ምላሴ ላይ የቀረችው ናት።»

ደራርቱ ቸሩን የምታመሰግንበት ቃል አጥታ ነበር። ስትጸልይ ከባሏ ስም ቀጥሎ የእሱን ስም ትጠራ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ቸሩ ማሽላውን ሊያሳጭድ ደቦ ጠራ። ቀትር ላይ አጫጆቹ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ደራርቱ ከሴቶቹ ጋር ሆና ምግብ ታቀርባለች። ቸሩ ለብቻው ከተቀመጠ ማሰሮ ቀድቶ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገና ላሰ።

«ብርዝ ነው ወንድምዬ፣ ጠጣ!»

ዲሳሳ ጨለጠው። ዋንጫውን ዘረጋ፤ ተቀዳለት። እንደገና ዘረጋ።

ጥቂት ቆይቶ ደራርቱ ሦስት ዓመት ያልሰማችው ሳቅ ሰማች። የያዘችውን ሳህን መሬት ላይ ጥላ ሮጠች።

«ቸሩ! ምን አጠጣኸው?»

«ጠጅ ናት፣ እቴ» አለ ዓይኗን ሳያይ። «አንድ ቀን ምን አላት? ሰውየው ናፈቀኛ! ሦስት ዓመት ሙሉ ከግንድ ጋር ሆኜ ግንድ ስሰነጥቅ ኖርኩ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ዲሳሳም አብሯቸው ሳቀ።

ከደቦው ወደ አረቄ ቤት፣ ከዚያም ወደ ሌላው ሆነ። ኢልሊ አሁን አድጋለች፣ አልጋ ሥር አትበቃም፤ ልብሷን ይዛ ጎረቤት ሄደች። ሳምንት ሳይሞላ ዲሳሳ በራሱ እግር ተመልሶ መጣና ሚስቱ በሩን እንድትቆልፍበት፣ ቁልፉንም እንድትደብቅበት ለመናት። ላቡ ፍራሹን አበሰበሰው። እጁ ብርጭቆ አልይዝ ስላለው ውሃውን በማንኪያ አጠጣችው። ሲሻለው በገበያው ጀርባ መዞሩን እንደገና ጀመረ።

ደራርቱ ይህን ሁሉ የቻለችው ንዴቷን ለቸሩ አስቀምጣ ነው። ምላሷን ስላ ጠበቀችው፤ መጣም።

«የኢልሊ እናት፣ እንዴት አደርሽ? ዲሳሳ አለ? ግንዱ ቆጡ ላይ ወጥቶ እየጠበቀን ነው።»

«ደግሞ በየትኛው ፊትህ መጣህ? መርዝ ልሰህ ብርዝ ነው የምትል!»

ቸሩ አቀረቀረ። ዲሳሳ ግን መጋዙን በትከሻው አድርጎ ወጣ። አንድ ክፉ ቃል ሳይወጣው እንደ ድሮው ጎን ለጎን ሄዱ። ደራርቱ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። የቸሩስ ክህደት ክህደት ነው፤ የባሏ ዝምታ ግን አልገባት አለ። የተታለለ ሰው እንዴት አይናደድም?

ብቻ ከዚያ ወዲያ ቸሩ እንዲቀምስለት አልፈቀደም። ከጥምቀት በኋላ ጎረቤት ሰርግ ተጠርተው ዋንጫ ሲቀርብለት ወደ ሚስቱ አሳልፎ «አንቺ ቅመሺልኝ» አላት።

ደራርቱ ከልጅነቷ ጀምሮ በጸሎት ቤት ያደገች ናት፤ የሚያሰክር ነገር በአፏ ዞሮ አያውቅም። የጠጅና የብርዝ መልካቸው ስለሚመሳሰል ጣዕማቸውም ያው ይመስላት ነበር። ባሏ የተሸወደውም በዚህ ነው ብላ ነበር። በከንፈሯ ነካ አደረገችው። ምላሷን ለበለባት፤ ጉሮሮዋ ጋለ። አሳላፊው ተሳስቶ ጠጅ ቀድቷል።

«ጠጅ ነው» አለች።

ዲሳሳ ዋንጫውን ገፋ አድርጎ ውሃ ጠየቀ። እሷ ግን ከዚያ በኋላ የሰርጉ ዘፈንም አልተሰማት። ይህን ሕፃን እንኳ አይስተውም። እሱ ደግሞ በደቦው ቀን ዋንጫውን መልሶ ዘርግቶ ነበር፤ እንደገናም ዘርግቶ ነበር።

ቤት እንደገቡ ዲሳሳ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የመጋዙን ጥርስ መሞረድ ጀመረ።

«የኢልሊ አባት።»

«እ?»

«ያን ቀን፣ ቸሩ ቤት፣ የመጀመሪያዋን ጉንጭ ስትጎነጭ ጠጅ መሆኑን አላወቅክም?»

ሞረዱ ቆመ። ዲሳሳ ብረቱ ላይ የቀረውን ዱቄት በአውራ ጣቱ ጠረገ።

«እሱን ተዪው፣ ደራርቱ» አላት። «አልመልስልሽም።»