እንቁራሪቶቹን ምስክር ያቆምኩበት ቅዳሜ

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ ስልኬን ማይክራፎን ላይ አስጠግቻለሁ... ድምፁን እስከ ጫፍ ከፍቼዋለሁ። ድፍረት እንዳይመስላችሁ። ስምንት ወር ሙሉ ያቆየሁት ቂም ነው።

ከሰፈራችን በላይ የማዘጋጃ ቤቱ ጎልፍ ሜዳ አለ፤ አሥራ ስምንት ጉድጓድ። ማዘጋጃ ቤቱ «በግማሽ ላሳንሰው፣ ታች ያለውን ረግረግ ለወፉና ለእንቁራሪቱ ልተወው» ብሎ ሰፈሩን ለውይይት ሰበሰበ። ግማሹ ሰው ይደግፋል፣ ግማሹ «ማን ነክቶት!» ይላል። እኔ የጎልፍ ዱላ ጨብጬ አላውቅም። እንቁራሪትም ብትሉ ያንገሸግሸኛል። የሄድኩት ለአንድ ሰው ብዬ ነው... ለጎልፈኞቹ ሊቀመንበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛው ዙር ኮሮና መጥቶ ቤተ ክርስቲያን እንደገና ሲዘጋ፣ እኔና ጋሽ ጴጥሮስ ሱቅ ከመክፈታችን በፊት ማለዳ ማለዳ እዚያ ረግረግ ጥግ ሸምበቆው ውስጥ እየሄድን እንጸልይ ነበር። ጋሽ ጴጥሮስ የጸሎት ቡድናችን መሪ ናቸው። የሆሳዕና ሰው ናቸው፤ እዚህ አገር ስገባ ተቀብለው፣ ስፓዛ በሚሏት የሰፈር ሱቃቸው ውስጥ አስተኝተው፣ ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጸሎቱን በስልኬ እየቀዳሁ ቴሌግራም ላይ እለቀዋለሁ። ቤቱ የታመመውም፣ ዲፕስሉት በሚባለው የድሆች ሰፈር ሱቁ ውስጥ በሩን ቆልፎ የተቀመጠውም በየስልኩ «አሜን» እያለ ይከተለናል።

አንድ ቀን ታዲያ፣ ዝናብ ሲጥል አድሮ፣ ዓይናችንን ጨፍነን እየጸለይን... ሊቀመንበሩ ሁለት ጥበቃ አስከትሎ ከች አለ። ረግረጉ ውስጥ የሚጠፋ የጎልፍ ኳስ እየለቀሙ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ እኛንም ከእነሱ ቆጠረን። ቦርሳችንን አስገለበጠ። መጽሐፍ ቅዱስና ጃንጥላ ወጣ። አልበቃውም። የስልሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ጫማ አስወልቆ ጭቃ ላይ አቆማቸው። እኔ ምን አደረግኩ? መሬት መሬት አየሁ።

ስንመለስ «ይሄን ለማንም እንዳትናገር» አሉኝ። «በቀል የጌታ ነው።»

«ጌታ ደግሞ ሥራ ይበዛበታል ጋሼ...» አልኳቸው። አልሳቁም።

የዚያን ቀን ቅጂ ቡድኑ ላይ አለቀቅኩትም፣ አላጠፋሁትምም። ስልኬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ወደ ስብሰባው ልመለስ። ጋሽ ጴጥሮስን «የምንጸልይበት ቦታ እንዲተርፍ እንናገራለን» ብዬ ይዣቸው ሄጄ ነበር። ያሰብኩትን ግን አልነገርኳቸውም። ሊቀመንበሩ ሸሚዙን አስተካክሎ ተነሳ። «ሠላሳ ዓመት ተጫውቼበታለሁ። ረግረጉ ውስጥ ከትንኝ በቀር ምንም የለም። አንድ እንቁራሪት ሰምቼ አላውቅም። ማስረጃ ያለው ይምጣ!» አለ።

እኔ ደግሞ ይቺን ቃል ነበር የምጠብቀው።

ስልኬን ከፈትኩት። መጀመሪያ የእኔ ጸሎት ይሰማል። ከኋላው ግን እንደ ጥጃ የሚያጓራ ነገር... አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ በየአቅጣጫው። ማዘጋጃ ቤቱ የጋበዛት የእንቁራሪት ባለሙያ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ይሄ እኮ ትልቁ እንቁራሪት ነው! እየጠፋ ያለው! የት ነው የቀዳኸው?» ቦታውን ነገርኳት፤ ቀኑንና ሰዓቱን ስልኩ ላይ አሳየኋት። «በቂ ነው፣ በጣም አመሰግናለሁ» አለችኝ።

በቂ ነበር። እዚያ ላይ ባቆመው አሸንፌ ነበር። ግን እኔ ለእንቁራሪት ብዬ ነው እንዴ የመጣሁት? አላቆምኩትም።

የሊቀመንበሩ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። «አንተ ሽማግሌ፣ ጫማህን አውልቅ! ኳሶቹን የት ደበቅካቸው?» ከኋላው እንቁራሪቶቹ ያጓራሉ። አንዲት የሰፈሩ እናት በአገሬው ቋንቋ «ሃይቦ!»፣ ወይ ጉድ፣ ብላ ጮኸች። ዞሬ አየሁት... ፊቱ ከማስኩ በላይ እስከ ራሰ በራው ድረስ ቲማቲም መስሏል። ወረቀቱን ሰብስቦ፣ ወንበር እያደናቀፈው ወጣ። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የረሳሁት ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅጂው አላለቀም ነበር። የጋሽ ጴጥሮስ ድምፅ መጣ። «ሶሪ ባስ... ፕሊስ ባስ...» ይላሉ። ባስ ማለት በድሮው የግፍ ዘመን እዚህ አገር ጥቁር ሠራተኛ ነጭ ጌታውን የሚጠራበት ቃል ነው። እያለቀሱ ነበር የሚሉት። ስልኩን ለመዝጋት ጣቴ እምቢ አለኝ። አዳራሹ በሙሉ ከእኔ ጋር ወደ መጡት ሽማግሌ ዞረ።

ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። ሮጬ በሩ ላይ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ... አሸነፍን እኮ!»

«ልጄ፣ እሱ ጫማዬን ያስወለቀኝ በሦስት ሰው ፊት ነው» አሉኝ። «አንተ አገር በሙሉ እያየ አስወለቅከኝ።»

ማዘጋጃ ቤቱ ዘጠኙን ጉድጓድ ሊዘጋ ነው። ሊቀመንበሩም ወንበሩን ለቋል ይላሉ። ጋሽ ጴጥሮስ ግን ስልኬን ማንሳት ተዉ።

ትናንት ሱቃቸው ሄጄ ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። «በድያለሁ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ፤ ከልቤ ነው። አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። ዓይኔን ዓይኔን እያዩኝ ሳለ... ያ የቀላ ራሰ በራ ድቅን ብሎብኝ ጥርሴ ግልጥ አይልም!

ማስክ ባላደርግ ኖሮ ጋሽ ጴጥሮስ ይቅር አይሉኝም ነበር።