ኾሩ ዳር የቆሙት አህዮች

ጁባ፣ ማንጋቴን ሰፈር ካለው ሱቄ ጀርባ ባለቤት የሌላቸው ስድስት ሰባት አህዮች ይውሉ ነበር። ውሃ በጋሪ ይሸጡ የነበሩ ሰዎች ከጁባ ሲወጡ ጥለዋቸው እንደሄዱ ነው የሚወራው። አባቴ ወሎ ውስጥ በአህያ እህል እያመላለሰ ስላሳደገኝ፣ አህያን በተመለከተ አዋቂ ነኝ ባይ ነኝ። ለካ የማውቀው የተጫነ አህያ ኖሯል። ራሱን ችሎ የሚኖር አህያ ምን እንደሚመስል ያየሁት እዚህ ነው።

ሁለት ሁለት ሆነው፣ የአንዱ ራስ በሌላው ጭራ በኩል ሆኖ ይቆሙና ጀርባቸውን በጥርስ ይተካከካሉ። ሁሉም የየራሱ ጓደኛ አለው፤ ከሌላው ጋር ሲተካከክ አታዩትም። መሪያቸው ጆሮዋ የተቀደደ አሮጊት ናት። እሷ ውሃ ልትጠጣ ስትነሳ ይነሳሉ፣ ስትቆም ይቆማሉ። አንድ ጥቁር ወንድ ደግሞ ከኋላ እየተጎማለለ ይከተላል። "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ ይሄኛው ግን የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ሲያባርር ነው የሚውለው" ብዬ ለባለቤቴ በስልክ ነግሬያት ስቃብኛለች።

ክረምቱ ሲገባ አንዷ ውርንጭላ ወለደች። ትንሹ ሱቄ ደጃፍ ድረስ እየመጣ አፍንጫውን የፉርሽካ ጆንያ ውስጥ ይከትና አስነጥሶት ይሮጣል። ምን ልደብቅ፣ ወደድኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጁባዎች ኾር የሚሉት የጎርፍ መውረጃ ዳሩ ተደረመሰና ውርንጭላው ገባ። ደርሼ ሳይ ምንም አልሆነም፤ ቆሞ ሽቅብ ያያል። ግን ገደሉ ቀጥ ያለ ስለሆነ በራሱ መውጣት አይችልም። ማዶው የግቢ ግንብ ነው፤ መውረድ የሚቻለው በእኛ በኩል ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ አህዮቹ ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ፊታቸውን ወደ ልጁ፣ ቂጣቸውን ወደ እኛ አድርገው ቆመዋል።

ከሱቄ አጠገብ ዓሣ የምትጠብሰው፣ ጋምቤላ ያደገችው ጎረቤቴ እየሮጠች መጣች።

"ጋሼ፣ ሞያ ጊ ጃ! ጀበል ላይ ዘንቧል፣ ውሃው እየመጣ ነው!"

ቀና ብል ጀበል ኩጁር የሚሉት ተራራ ጠቁሯል። ገመድ ይዤ ቀስ ብዬ ተጠጋሁ። ጥቁሩ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ጭኔን በርግጫ አለኝ። እያነከስኩ ሄጄ ፉርሽካ አመጣሁና ራቅ አድርጌ ዘረገፍኩት። ወጣቶቹ ጆሯቸውን አቆሙ፣ አሮጊቷን አዩ። አልተነቃነቀችም፤ እነሱም ቀሩ። እሷን ካንቀሳቀስኩ ሁሉም ይከተላሉ ብዬ አንገቷ ላይ ገመድ ጣልኩና ጎተትኩ። እግሯን መሬት ላይ ተከለች፣ እናትየው ደግሞ ዞራ ክንዴን ነከሰችኝ። ቢጨንቀኝ ዱላ አነሳሁ። በመታኋቸው ቁጥር ይበልጥ ተጠጋጉ።

ልጃቸውን ልንወስድባቸው የመጣን መስሏቸዋል። በምን ቋንቋ ላስረዳ? እኔ በአማርኛ እጮሃለሁ፣ ጎረቤቴ በአረብኛም በኑዌርም ትጮሃለች። ልናወጣው ነው እኮ! ለእናንተው ነው እኮ!

ውሃው የፕላስቲክ ጠርሙስ እየገፋ መጣ። መጀመሪያ ጉልበቱ፣ ከዚያ ሆዱ ጋ ደረሰ። ውርንጭላው ተጣራ። ሁሉም አናፉለት፤ ቦታውን የለቀቀ ግን አንድም የለም። እነሱም መውረድ አይችሉም፣ እኛንም አያሳልፉንም። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ጠፋ።

ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ለአህያ፣ ሰው እያየኝ። ጎረቤቴ ገመዱን ከእጄ ወስዳ መጠቅለል ጀመረች።

"ማሌሽ፣ አይዞህ ጋሼ። ካላስ፣ በቃ ተወው" አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ውሃው ጎድሏል። አሮጊቷ ሌሎቹን አስከትላ ሣር ፍለጋ ሄዳለች። እናትየው ብቻዋን ኾሩ ዳር ቆማለች፤ ጡቷ ተወጥሮ ወተቱ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ትራገጣለች ብዬ እየፈራሁ ተጠጋሁ። እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጌ ገፋ አደረግኋት። ፈቀቅ ብላ መንገዱን ለቀቀችልኝ።