መንደር አቃኚው

ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ የአሻንጉሊት ጦርነት ወደሚጫወቱበት ሱቅ ይመጣል። ባለሱቋ ስሙን ጠይቃው አታውቅም። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጥና ተጫዋቾቹ የአሻንጉሊት ወታደር የሚያዋጉባቸውን የተጣመሙ የፕላስቲክ መንደሮች ያቃናል። ፕላስቲኩን የፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያለሰልሰዋል፤ ከዚያ በሁለት ጣውላ መሃል አድርጎ፣ ብረት ጭኖበት እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል። ውሃው እጁን ሲልጠው እንኳ እህ አይልም።

ዛሬ አንድ ፂማም ተጫዋች መንደሩን ሲረከብ ቱግ አለ።

"የቤቶቹን ጀርባ ማን ብሳ አለህ? አቃና እንጂ አፍርስ አልኩህ?" ብሎ ደረቱን ገፈተረው።

ሰውየው የፂማሙን ማጅራት ጨምድዶ ፊቱን ከግድግዳው ጋር አላተመው። ደም ከአፍንጫው ተንዠቀዠቀ።

"የኋላ በር እኮ የላቸውም!" አለ ሰውየው፣ ማጅራቱን ሳይለቅ። "ወታደር በፊት ለፊት ሲገባ ልጆቹ በየት ይውጡ?"

"ጋሼ፣ በሞቴ ይልቀቁት!" ባለሱቋ ጮኻ መሃላቸው ገባች።

ለቀቀው። ፂማሙ አፍንጫውን ይዞ እየተሳደበ ወጣ። ባለሱቋ "ሁለተኛ እዚህ እንዳይደርሱ" ልትል አስባ ነበር፤ ዓይኗ ግን ፂማሙ ትቶት በሄደው መንደር ትንንሽ የኋላ በሮች ላይ አረፈ። ገና ያልተነካ መንደር አንስታ አጠገቡ ተቀመጠች።

"የእነዚህስ በር በየት በኩል ይሁን?" አለችው።