ለማላውቀው ሰው የተቀመጥኩት ለቅሶ

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ጣልያን መተማን ከያዘ ሁለት ዓመት አልፎታል። ካይሮ ባለው ዩኒቨርሲቲ የሰውነት ክፍሎችን መሳል ተምሬ ስለመጣሁ፣ ጣልያናዊው ሐኪም የሚሰበስባቸውን አጥንቶች እስልለት ነበር። ያን ዕለት መንገድ ሲቆፈር የተገኘ፣ ከደርቡሽ ጦርነት ዘመን የቀረ ነው የተባለ የራስ ቅል ሰጠኝና፣ በማግስቱ በካሚዮን ተጭኖ ሮም ወዳለ ሙዚየም እንደሚሄድ ነገረኝ። የሚልከው ዘመድ የሌለውን ብቻ እንደሆነም ጨመረ፤ በዚህ ደንቡ ይኮራል። የድሮ ጦርነት ሟች ዘመድ ከየት ይመጣል ብዬ አሰብኩ እንጂ አልተናገርኩም። ሥዕል ሁለተኛ ሙያዬ ነው፤ አንደኛው ዝምታ ነው።

የክሊኒኩ ክፍል ጨለማ ስለሆነ ቤት ወስጄ ልስለው ተነሳሁ። ራቁቱን በመንገድ ማሳለፍ ነውር መስሎኝ በነጭ ነጠላ ጠቀለልኩት፤ እንደ ሕፃን አቅፌውም ሄድኩ።

የቤት አከራዬ በር ላይ አየችኝ። ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየችና ደረቷን መታች። እርሳሴን ቀርጬ ሳልጨርስ ሰፈሩ ሰምቷል። ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ሴቶቹ የማሽላ እንጀራና ሽሮ፣ የሙስሊም ነጋዴዎቹ ሚስቶች ቴምር ለእዝን ይዘው መጡ። ምኔ እንደነበር ሲጠይቁኝ አላውቀውም አልኩ። ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቶ ነው፣ ተዋት ተባባሉ። ጥግ ይዤ ስስልም ለመታሰቢያ ነው ብለው አለቀሱ።

ሰፈሩ የጠራት አልቃሽ በምን ላሞግሰው ብላ ጠየቀችኝ። እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ነገር ስለማልናገር ጥርሱ ሙሉ ነው አልኳት። እስከ ማታ ጥርሱን አሞገሰችው።

አመሻሽ ላይ ሐኪሙ ቅሉን ሊወስድ መጣ።

«ጌታው፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሬሳ አምጡ ይባላል? ይቀመጡ» አለች አከራዬ።

ተቀመጠ። ሽሮ ቀረበለት። ሁለት ጎርሶ፣ በሰባራ አማርኛው የሟች ዘመድ ማን እንደሆነ ጠየቀ። ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ዝም ካልኩ ሰውዬው ነገ ካሚዮን ላይ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ድምፄ ስላልተሰማ አከራዬ ደገመችልኝ። ሐኪሙ ትክ ብሎ አየኝ፤ ቅሉን ጠዋት በእጄ የሰጠኝ ራሱ ነው። ግን ደንቡም የራሱ ነው፣ እንጀራውም ጉልበቱ ላይ ነው። አንገቱን ደፍቶ መብላቱን ቀጠለ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም ስላልታወቀ፣ ከተገኘበት ቦታ ከመንገዱ ገባ ብለን ቀበርነው። ከዚያ አከራዬ ያዋሰችኝን ጥቁር ቀሚስ ለብሼ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ሥዕሉን አስረከብኩ፤ ዘመድ ከሆንኩ አይቀር ብዬም የሐዘን ፈቃድ ጠየቅኩ።