ፊንታን ጮክ ብሎ የሰጠው ድምፅ

ፊንታን ሄርሊሂ በአየርላንድ፣ በክሌር አውራጃ፣ የአንድ እንግሊዛዊ ባለርስት ጭሰኛ ነበር። እስከ አንድ የምርጫ ቀን ድረስ አገሩ የሚያውቀው ቃሉን በማክበር ነበር።

በዚያ ዘመን ድምፅ የሚሰጠው በይፋ ነበር። መራጩ ፍርድ ቤት ቆሞ የመረጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፤ የባለርስቱ ምስለኔ ከጎን ሆኖ ይሰማል። ፊንታንና ጎረቤቱ ማላኪ ኮንሲዲን ለጭሰኛ መብት የቆመውን ሰው ሊመርጡ ተማምለው ነበር።

"ፈራህ እንዴ? አህያዬ እንኳ ካንተ ይፈጥናል" አለው ማላኪ መንገድ ላይ።

"አልፈራሁም። ኦኖራ መውለጃዋ ደርሷል፣ ሐሳቤ ሚስቴ ጋ ነው።"

"ታዲያ የምንመርጠው ለሚወለደው አይደል?"

ማላኪ ቀድሞ ገብቶ የጭሰኞቹን ሰው ስም ጠራ። ተራው የፊንታን ሲሆን ምስለኔው ባርኔጣውን አወለቀና "ሚስትህ እንዴት ናት?" አለው። ሌላ አልጨመረም። ፊንታን የባለርስቱን ሰው ስም ጠራ። ማላኪ በሩ ላይ ቆሞ ሰማው።

መኸር ላይ የምስለኔው ሰዎች የማላኪን ቤት በግንድ ደብድበው አፈረሱት። ሚስቱንና ሴት ልጁን ይዞ ወደ ወደቡ ሲያልፍ ፊንታን ከበሩ ጀርባ ቆሞ የጋሪውን ድምፅ አዳመጠ እንጂ አልወጣም። ወር ሳይሞላ ምስለኔው የማላኪን ማሳ ሰጠው። እምቢ ማለት ይችል ነበር፤ ተቀበለ። ኦኖራ ከዚያ ማሳ የወጣ ድንች በአፏ አልዞረም። ትቀቅልለታለች፣ ታቀርብለታለች፣ እሷ የአጃ ገንፎዋን ትበላለች። አልተጣሉም። የተወለደው ልጅ ሁለት ክረምት አልተሻገረም።

ኦኖራም ስትሞት ፊንታን ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በፊላዴልፊያ ወደብ ተሸካሚ ሆነ። ዜግነት የሚያገኝበት ቀን ደርሶ ለሕገ መንግሥቱ ሊታመን፣ የእንግሊዝን ንግሥት ሊክድ ሲምል፣ አጠገቡ የቆመው ያገሩ ልጅ "እሷን መካድ ምን ይከብዳል? መች ታውቀኛለች" ብሎ ቀለደ። ፊንታን አልሳቀም። ክህደት ምን ያህል እንደሚቀል ያውቀዋል።

በአሜሪካ ምርጫ ስም ጮክ ብሎ የሚጠራ የለም፤ ግን የየፓርቲው የምርጫ ወረቀት ቀለሙ የተለያየ ነው። የወደቡን ሥራ ያስገኘለት የሰፈሩ የፓርቲ ሰው የራሱን ፓርቲ ወረቀት ሰጠውና "ከፍ አድርገህ ያዛት፣ ትታየኝ" አለው። ፊንታን ወረቀቱን መለሰለትና የሌላኛውን ፓርቲ ወረቀት ወስዶ ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። ሰኞ ወደቡ ላይ ሥራ የለህም ተባለ።

በዚያው ሳምንት የማላኪ ልጅ ሳቢና ባርኔጣ ሰፊ ሆና እዚያው ከተማ እንደምትኖር ሰማና ሄደ። ስሙን ሲነግራት መርፌዋን አስቀመጠች።

"አባቴ መርከብ ላይ ነው የሞተው" አለች። "'የሚስቱ ሆድ ገፍቶ ነበር፣ አትፍረጂበት' ብሎኛል። እኔ ግን ፈርጄብዎታለሁ፣ ጋሽ ፊንታን።"

"ይቅር በይኝ ልል አልመጣሁም።"

"ታዲያ ምን ሊሉ?"

"ማሳችሁን የወሰድኩት እኔ ነኝ። አባትሽ ይህን ሳያውቅ ነው የሞተው።"

"ምን ተከሉበት?"

"ድንች።"

"በቀለ?"

"ከኔው ማሳ የተሻለ።"

"እንግዲህ ሰማሁ" ብላ መርፌዋን አነሳች።

ፊንታን ጡብ ፋብሪካ ተቀጠረ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ሳቢና ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ትለዋለች፤ ቤቴ ይምጡ ብላው ግን አታውቅም። እሱም አልጠበቀም።