የዊኒ ሆልደን ገንዳ

ዊኒ ሆልደን በሰው ፊት አጭበርባሪ ስትባል የገዛ ባሌ እዚያው ቆሞ ነበር። ክሊፎርድ ይባላል። ይቀየመኝ እንደሆነ ይቀየመኝ እንጂ ስሙን አልደብቅለትም።

እዚህ በዮርክሸር ኮረብታ ላይ ያለው ወንድ ሁሉ ከሚስቱ ይልቅ ለዶሮው ያስባል ብል አልዋሸሁም። በየዓመቱ በመንደሩ አዳራሽ የዶሮ ውድድር አለ። ወንዶቹ ከዓመት ዓመት ስለ ጭራና ስለ ክንፍ ሲያወሩ ይከርማሉ፤ ዶሮዋን አጥቦ ለዳኛ ማቅረብ የሚችል ግን ከመሃላቸው አንድም አልነበረም። ያ የዊኒ ሥራ ነበር።

ዊኒ ጉልበቷን በሱፍ ፋብሪካ የጨረሰች መበለት ናት። ልጅ የላትም። ያላት ከአባቷ የወረሰችው ነጭ ዋያንዶት የሚባል የዶሮ ዘርና አንድ የቆርቆሮ ገንዳ ነው። በልጅነቷ ከአባቷ ጎን ቆማ ዶሮ ካቀረበች ጀምሮ ስሟ ከዚያ አዳራሽ ጠፍቶ አያውቅም። ሌላ የምትኮራበት ነገር የላትም፤ መንደሩም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ከውድድሩ በፊት ባለው ሐሙስ ወንዶቹ ዶሮአቸውን በብብታቸው ሸጉጠው በሯ ላይ ይኮለኮላሉ። ዊኒ ለብ ያለ ውሃ አዘጋጅታ፣ ሳሙና አሟሙታ ትጠብቃቸዋለች። ዶሮዋ መጀመሪያ ትንፈራገጣለች፤ ሙቀቱ ሲሰማት ግን ዓይኗን ጨፍና አንገቷን በዊኒ ክንድ ላይ ታሳርፋለች። እግሯን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ጥፍሯን በክብሪት እንጨት ታጸዳላታለች። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ላይ፣ ነጭ አንሶላ የምናደምቅበትን ሰማያዊ ዱቄት በጨርቅ ቋጥራ ነከር አድርጋ ታወጣዋለች። ያኔ የላባው ቢጫነት ይጠፋል። በውድድሩ ደንብ ዶሮ ማጠብ ይፈቀዳል፣ ቀለም መቀባት ያሰርዛል። ሰማያዊውስ? ሁሉም ያስደርገዋል፣ ማንም አያወራውም።

የራሷን ዶሮ የምታጥበው መጨረሻ ላይ ነው። "ንጹሑ ውሃ ለእንግዳ ነው" ትላለች። ያን ዓመት ተራዋ ሲደርስ ክሊፎርድ አልነሳ ብሎ ወንበሯ ላይ ተዘፍዝፎ፣ ስለ ዶሮው ጭራ ይለፈልፍላት ነበር። እሷም እሱን ስትሰማ ሰማያዊውን ነከረች፤ መንከሯን ረስታ ደግማ ነከረችው። ይህን ኋላ የነገረችኝ ራሷ ናት።

በውድድሩ ዕለት ዳኛው ሚስተር ግሪምሾ የዊኒን ዶሮ ከሽቦ ቤቷ አውጥቶ ክንፏን ገለጠ። ከሥር ያለው ላባ ሰማይ ሰማይ ይላል።

"ይህቺ ዶሮ ቀለም ተቀብታለች።"

"ቀለም አይደለም ጌታዬ፣ ማጠቢያ ነው" አለች ዊኒ። "እዚህ ያሉት ነጭ ዶሮዎች ሁሉ እንዲሁ ነው የታጠቡት።"

ዳኛው ወደ ወንዶቹ ዞረ። "እውነት ነው?"

አንዱ ጫማውን አየ። ሌላው ጣሪያውን አየ። የኔው ጉድ ኬክ ጎርሶ፣ "እኔ እንጃ፣ የማውቀው ነገር የለም" አለ። ኬኩን የጋገርኩለት እኔ ነኝ። ምነው ባነቀው አልኩ!

ሻይ የምቀዳበትን ጠረጴዛ ትቼ፣ "ኧረ እግዜርን ፍሩ! ሁሉም ከዚያው ገንዳ ነው የወጡት!" ብዬ ጮህኩ።

"እመቤት፣ እርስዎ ሻይዎን ይቅዱ" አለኝ ዳኛው። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ክሊፎርድም አብሮ ሳቀ። ይህቺን ሳቅ ባስታወስኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የዊኒ ዶሮ ተሰረዘች። የአንደኛነቱን ቀይ ካርድ የወሰደችው የክሊፎርድ ዶሮ ናት። ከዚያ ወዲህ ዊኒ ዳቦ ልትገዛ ብትሰለፍ እንኳ "ቀለም ቀቢዋ መጣች" ይሏት ጀመር። ልብ በሉ፣ ይህን የሚሉት እሷ ያጠበችላቸው ሰዎች ናቸው። የጎረሱበትን እጅ ነካሾች!

ዓመቱ ዞረ። ሐሙስ ሲደርስ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ዶሮአቸውን ሸጉጠው በሯ ላይ ቆሙ። ቤታችን ፊት ለፊት ስለሆነ ደጄ ላይ ቆሜ አየሁ። ዓይናቸውን በጨው ያጠቡ ናቸው።

"ዊኒዬ፣ ያው እንደ ለመድነው" አለ ክሊፎርድ።

ዊኒ ገብታ ገንዳውን እየጎተተች አወጣችና እግሩ ሥር አስቀመጠችው። ሰማያዊውንም በእጁ አስጨበጠችው።

"ቀለም ቀቢ ነካቻቸው ተብሎ ዶሮዎቻችሁ እንዳይሰረዙ። ያውላችሁ፣ እጠቡ።"

"አንቺ ደግሞ! እኛ ምን እናውቅና?"

"አምናም የምናውቀው የለም ብላችሁ ነበር። ዘንድሮ እወቁ" አለችና በሩን ዘጋች።

ገንዳው የኔ ወጥ ቤት ገባ። ወንዶቹ ተሰብስበው ወለሌን ሐይቅ አደረጉት፤ የዶሮዎቹ ጩኸት ለጉድ ነው።

"አንቺ፣ ሰማያዊው ምን ያህል ነው የሚበቃው?" አለኝ ክሊፎርድ።

"እኔ ሻይ ቀጂ ነኝ" አልኩት።

እሱም ሲበዛ ይነጣል ብሎ ጨመረ። ሌሎቹም እሱን አይተው ጨመሩ። በወጥ ቤቴ ደብዛዛ መብራት ሁሉም እንደ በረዶ ነጥተው ታዩአቸውና ተጨባበጡ።

በማግስቱ የአዳራሹ መስኮት ብርሃን ሲያርፍባቸው፣ በረድፉ አንድም ነጭ ዶሮ አልነበረም። የክሊፎርድማ የፖሊስ ልብስ የለበሰች ትመስል ነበር። ዊኒ ዶሮ አላቀረበችም፤ እንደ ማንኛውም ተመልካች ገብታ፣ እኔ የቀዳሁላትን ሻይ ይዛ ቆማለች።

ሚስተር ግሪምሾ ፊቱ ደም መስሎ፣ "ይህን ማን አስተማራችሁ?" አለ።

ክሊፎርድ ጣቱን ወደ ዊኒ ቀሰረ። "እሷ ናት! ሁላችንም ከእሷ ነው ያየነው። አምናም ሁሉንም ዶሮ በአንድ ገንዳ ያጠበችው እሷ ናት!"

ዳኛው አንዴ ክሊፎርድን፣ አንዴ ዊኒን አየ። ዊኒ ሻይዋን ፉት አለች።

"ይህቺን ቃል አምና አውጥተሃት ቢሆን ኖሮ፣ ክሊፎርድ" አለች፣ "ዶሮህ ዛሬ ነጭ ትሆን ነበር።"